ሲሮጡ መታጠቅ

ከሌሊቱ 8 ሰዓት ከ20 ገደማ ስልኬ ጮኸ። መልእክቱ አጭር ነበር፤ የአገልግሎታችን የምላሽ ጊዜ ከተፈቀደለት ወሰን እንዳለፈና ሥርዓቱ ሰርቨር እየጨመረ መሆኑን ይናገራል። አንብቤ ስልኩን ወደ ቦታው መለስሁት፤ ሥርዓቱን የሠራነው ለእንዲህ ያለው ሌሊት ነበርና። ጭነት ሲበረታ ማንንም ሳይጠይቅ ሰርቨር ይጨምራል፤ ጭነቱ ሲቀልል ይቀንሳል፤ የታመመ ሰርቨር ሲያገኝ አጥፍቶ በሌላ ይተካል። ለአንድ ዓመት ያህል ያለ ችግር ይህን ሲያደርግ ስለ ቆየ፣ እኛ ደግሞ እርሱን መጠበቁን ቀስ በቀስ ትተን በእርሱ ተማምነን መተኛትን ለምደን ነበር።

ከ12 ደቂቃ በኋላ የመጣው ሁለተኛው መልእክት ግን ከአልጋዬ አስነሣኝ። አገልግሎቱ ጨርሶ ምላሽ መስጠት አቁሟል። ኮምፒውተሬን ከፍቼ ስመለከት፣ በወትሮው ሌሊት 8 ሰርቨር የሚበቃው ሥርዓት 19 አስነሥቷል። ከእነዚህ ግማሽ ያህሉ ገና ከመነሣታቸው «ታመዋል» ተብለው ይጠፋሉ፤ በምትካቸው ሌሎች ይነሣሉ፤ እነዚያም ተራቸውን ይጠፋሉ። በስክሪኑ ላይ ያለው ሠንጠረዥ በየጥቂት ሰከንዱ ረድፎቹን ይቀያይራል፤ አረንጓዴው ቀይ ይሆናል፣ ቀዩ ይጠፋል፣ በቦታው አዲስ አረንጓዴ ይመጣል። ነገሩን ለማያውቅ ሰው በትጋት ላይ ያለ ሥርዓት ይመስላል።

በስልክ አብራኝ የነበረችው ባልደረባዬ በዕድሜም በሥራ ዘመንም ከእኔ ታንሳለች። እኔ የምላሽ ጊዜውን ግራፍ እያየሁ ከፍተኛውን የሰርቨር ቁጥር ከ20 ወደ 40 ለማሳደግ ስዘጋጅ፣ እርሷ ሌላ ግራፍ ከፍታ ኖሯል። «ሰርቨሮቹ እኮ ሥራ ፈትተው ነው የተቀመጡት» አለችኝ። «ሲፒዩአቸው 6 በመቶ ላይ ነው። ምንድን ነው የሚጠብቁት?»

የሚጠብቁት ዳታቤዙን ነበር። በዚያ ምሽት ወደ አንድ ሠንጠረዥ ብዙ መረጃ ገብቶ ነበር፤ ዳታቤዙ ስለ ሠንጠረዡ የያዘው ስታቲስቲክስ ግን የቀድሞው ነበር። ስለዚህ አንድ በየጊዜው የሚላክ ጥያቄ ሲመጣለት እንደ መጽሐፍ ማውጫ በቀጥታ ወደሚፈለገው ረድፍ የሚያደርሰውን ኢንዴክስ ትቶ ሠንጠረዡን ከላይ እስከ ታች ማንበብን መረጠ። በጥቂት ሚሊሰከንድ ያልቅ የነበረው ጥያቄ ሰከንዶች መፍጀት ጀመረ። የምላሽ ጊዜው ከፍ አለ፤ ሥርዓቱም ይህን አይቶ ሰርቨር ጨመረ። እያንዳንዱ አዲስ ሰርቨር ሲነሣ 25 ግንኙነት ወደ ዳታቤዙ ይከፍታል፤ ዳታቤዙ የሚቀበለው 300 ብቻ ነው። 12ኛው ሰርቨር ሲነሣ ወሰኑ ሞላ። ከዚያ በኋላ የሚነሡት ግንኙነት ስለማያገኙ የጤና ምርመራውን ይወድቃሉ፤ ስለ ወደቁም ይጠፋሉ። የቆዩትም ሰርቨሮች ዳታቤዙ ስለ ዘገየባቸው ምርመራውን እየወደቁ ይጠፉ ጀመር። ነገሩን ያባባሰው ግን ሰርቨሩ ሲጠፋ ልኮት የነበረው ጥያቄ አብሮት አለመጥፋቱ ነው። ፖስትግሬስ የተባለው ዳታቤዛችን ጥያቄውን የላከው ደንበኛ መሄዱን የሚያውቀው ብዙውን ጊዜ መልሱን ሊልክለት ሲሞክር ነው፤ እስከዚያ ድረስ ባለቤት ለሌለው ጥያቄ ዲስኩን ሲያነብ ይቆያል፤ የያዘውንም የግንኙነት ቦታ አይለቅም። ሥርዓታችን ሰርቨር ባጠፋ ቁጥር የሙት ጥያቄዎችን ቁጥር ያበዛ ነበር።

ራስ አስተካካዩን፣ ማለትም ሰርቨር የሚጨምረውንና የሚያጠፋውን ሥርዓት፣ ማጥፋት እንዳለብን ሁለታችንም ገባን። ትእዛዙን ጽፌ ከመላኬ በፊት ግን ለአንድ ደቂቃ ያህል እጄ አልታዘዝልኝ አለ። አገልግሎቱ በወደቀበት ሰዓት፣ አገልግሎቱን እንዲያነሣ የሠራሁትን ነገር ማጥፋት ከውድቀቱ ጋር መተባበር መስሎ ተሰማኝ። በመጨረሻ ላክሁት። የሰርቨሩን ቁጥር በ8 አቆምነው፤ ባለቤት የሌላቸውን ጥያቄዎች ከዳታቤዙ አስወገድን፤ ስታቲስቲክሱን አሳደስነው። በ11 ደቂቃ ውስጥ ሁሉም ነገር ወደ ነበረበት ተመለሰ። የጭነቱ መጠን ከሌሎቹ ሌሊቶች የተለየ አልነበረም።

ሪፖርቱ ያላለው

በማግስቱ ስለ አደጋው ሪፖርት ጻፍሁ። መንስኤ በሚለው ቦታ ላይ «የተበላሸ የጥያቄ ዕቅድ» ብዬ ሞላሁ፣ ዳታቤዙ ጥያቄውን ለመመለስ የመረጠውን መንገድ ማለቴ ነው፤ መፍትሔ በሚለው ላይ ደግሞ ስታቲስቲክሱ መረጃ በገባ ቁጥር እንዲታደስ የሚል ጻፍሁ። ያነበቡት ሁሉ ተስማሙ። የተጻፈው ሁሉ እውነት ቢሆንም ለሳምንታት ሲከነክነኝ ቆየ፤ ምክንያቱም ጥያቄው ብቻውን ቢዘገይ ኖሮ የተወሰኑ ሰዎች ለጥቂት ሰከንድ ይጠብቁ ነበር እንጂ አገልግሎቱ አይወድቅም ነበር። የጣለው የእኛው ሥርዓት ነው። ኮዱን መስመር በመስመር ደግሜ አነበብሁት፤ ስህተት አላገኘሁበትም። ሰርቨር ጨምር የተባለበት ቦታ ላይ ጨምሯል፤ አጥፋ የተባለበት ቦታ ላይ አጥፍቷል።

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይባላል። ይህን ተረት ስሰማ የኖርሁት ስለ ችኮላ የሚናገር ነው ብዬ ነበር። በእነዚያ ሳምንታት ግን ደጋግሞ ወደ አእምሮዬ የመጣው በሌላ መልኩ ነው፤ እኛ የምንሠራቸው ሥርዓቶች ቆመው የሚታጠቁበት ጊዜ የላቸውም። አገልግሎቱ ሌት ተቀን ይሮጣል፤ መታጠቁም፣ መፍታቱም፣ እንደገና መታጠቁም በሩጫ ላይ የሚደረግ ነው። ተረቱ እንዲህ ያለው ትጥቅ እንደሚፈታ አስቀድሞ ነግሮናል። ስለዚህ ጥያቄዬ፣ መፈታቱ የማይቀር ከሆነ ሯጩ ትጥቁ መፈታቱን በምን ያውቃል የሚል ሆነ።

360 ሜትር

መልሱን ስፈልግ ያገኘሁት በጣም የቀረበው ነገር የሰርቨር ታሪክ አይደለም። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1986 በካሊፎርኒያ በሎረንስ በርክሌይ ላቦራቶሪና በበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ መካከል የነበረው የኔትወርክ መስመር ፍጥነት በሰከንድ ከ32 ሺህ ቢት ወደ 40 ቢት ወረደ። በሁለቱ ቦታዎች መካከል ያለው ርቀት 400 ያርድ፣ ማለትም 360 ሜትር ገደማ ነው። መረጃውን በወረቀት ጽፎ በእግር ማድረስ ከመስመሩ ይፈጥን ነበር። መስመሩ አልተቆረጠም፤ መሣሪያዎቹም አልተበላሹም።

የሆነው እንዲህ ነው። በወቅቱ ኮምፒውተሮች ፓኬት፣ ማለትም አንድ ትንሽ የመረጃ ጥቅል፣ ከላኩ በኋላ «ደርሶኛል» የሚለውን መልስ ለተወሰነ ጊዜ ይጠብቃሉ፤ ካልመጣ ፓኬቱ ጠፍቷል ብለው እንደገና ይልካሉ። ራስን ከሁኔታ ጋር የማስማማት ቀላልና ምክንያታዊ ደንብ ነው። መስመሩ መጨናነቅ ሲጀምር ግን ፓኬቱ ብዙውን ጊዜ ይዘገያል እንጂ አይጠፋም። ላኪው መዘግየቱን መጥፋት አድርጎ ይተረጉመውና ሁለተኛ ቅጂ ይልካል፤ ሁለተኛው ቅጂ መስመሩን ይበልጥ ያጨናንቃል፤ መልሱ ይበልጥ ይዘገያል፤ ሦስተኛ ቅጂ ይላካል። መስመሩ እስከ ጫፉ ሞልቶ ሳለ የሚያጓጉዘው በአብዛኛው አስቀድሞ የደረሰን ነገር ነው። ጆን ኔግል እንዲህ ያለው ውድቀት ሊመጣ እንደሚችል እ.ኤ.አ. በ1984 ጽፎ ነበር።

ይህን ሳነብ ወንበሬን ወደ ኋላ ገፍቼ ለረጅም ጊዜ ዝም አልሁ። የእኛ ሌሊት ይኸው ነበር። ፓኬቱን በሰርቨር፣ መስመሩን በዳታቤዝ ብንተካው ታሪኩ ሳይለወጥ ይቀጥላል። በሁለቱም ቦታ አንድ ምልክት ሁለት ፍጹም ተቃራኒ ትርጉም ሊኖረው ይችላል፤ «መልስ ዘገየ» ማለት «የበለጠ ጥረት ያስፈልጋል» ማለት ሊሆን ይችላል፣ «ጥረትህን ቀንስ» ማለትም ሊሆን ይችላል። የተሳሳተውን ትርጉም የመረጠ ሥርዓት ያለ ምንም የኮድ ስህተት ራሱን ይገድላል።

ቫን ጃኮብሰንና ማይክል ካሬልስ እ.ኤ.አ. በ1988 ያቀረቡት መፍትሔ ዛሬም በእጃችን ባለው እያንዳንዱ መሣሪያ ውስጥ አሻራው አለ። ፓኬት መጥፋቱን የመጨናነቅ ምልክት አድርገው እንዲቆጥሩት ላኪዎቹን አስተማሯቸው፤ ምልክቱ ሲታይ ላኪው የሚልከውን መጠን በግማሽ ይቀንሳል፤ ሰላም ሲሆን ደግሞ በአንድ የደርሶ መልስ ጊዜ አንድ ፓኬት ያህል ብቻ ይጨምራል። መቀነሱ ፈጣን ነው፤ መጨመሩ ቀርፋፋ ነው። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለው በዚህ ቦታ ምክር መሆኑ ቀርቶ የምህንድስና ደንብ ሆኗል። እኔን ይበልጥ የነካኝ ግን ሌላ ዝርዝር ነው። ላኪው መልስ የሚጠብቅበትን ጊዜ ሲወስን አማካዩን የደርሶ መልስ ጊዜ ብቻ መያዙ ስለማይበቃ፣ ጊዜው ምን ያህል እንደሚዋዥቅ ጭምር እንዲለካ አደረጉት። በሌላ አነጋገር ላኪው በገዛ ግምቱ ላይ ምን ያህል መተማመን እንዳለበት እንዲያውቅ ሆነ። መስመሩ ሲዋዥቅ ትዕግሥቱ ይረዝማል።

የእኛ ሥርዓት ይህን አያውቅም ነበር። ለእርሱ የምላሽ ጊዜ አንድ ቁጥር ነው፤ ቁጥሩም ሁልጊዜ እውነት ነው።

በስሌት ውስጥ የተደበቀ እምነት

ራሳቸውን ስለሚያስተካክሉ ሥርዓቶች የሚጽፉ ሰዎች ዘወትር የሚጠቅሱት አንድ ዑደት አለ። አይቢኤም እ.ኤ.አ. በ2001 የልብ ምትንና የሰውነት ሙቀትን ሳናስበው ከሚቆጣጠረው የነርቭ ሥርዓት ምሳሌ ወስዶ ራሳቸውን የሚያስተዳድሩ የኮምፒውተር ሥርዓቶች እንዲሠሩ ጥሪ አቀረበ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ጄፍሪ ኬፋርትና ዴቪድ ቼስ ሐሳቡን አብራርተው ጻፉ። ዑደቱ አራት ሥራዎች አሉት፤ መከታተል፣ መተንተን፣ ማቀድና መፈጸም። በአራቱ መካከል ሁሉም የሚጋሩት ዕውቀት ይቀመጣል። ሥዕሉን ያላየ የሙያው ሰው ያለ አይመስለኝም። እኛም ስንሠራ ከፊታችን ለጥፈነው ነበር።

ለአራቱ ሥራዎች ወራት ሰጠናቸው። መከታተያው በየ15 ሰከንዱ ይለካል፤ ተንታኙ አንድ ብልጭ ብሎ የሚጠፋ ከፍታ እንዳያስደነግጠው የ2 ደቂቃ አማካይ ይወስዳል፤ ፈጻሚው ትእዛዙ ሳይፈጸም ቢቀር ደግሞ ይሞክራል። መሐል ላይ ያለውን ዕውቀት ግን ማንም አልነካውም። ብትጠይቁኝ ኖሮ «የማዋቀሪያ ፋይሉ ነው፤ ወሰኖቹ ተጽፈውበታል» እል ነበር።

ዕውቀቱ በእርግጥ የነበረው በስሌቱ ውስጥ ነው። ብዙዎቻችን የምንጠቀምበት ስሌት ቀላል ነው፤ በብዙ ሰርቨሮች ላይ የሚሠሩ አገልግሎቶችን የሚያስተዳድረው ኩበርኔቲስ የተባለ ሶፍትዌርም በመሠረቱ የሚሠራው በዚሁ ነው። አሁን ያለውን ቁጥር ወስዶ፣ የተለካውን ለታለመው አካፍሎ ያባዛዋል። 8 ሰርቨር ካለና የተለካው ከታለመው አንድ ተኩል እጥፍ ከሆነ 12 ይሁን ይላል። ይህ ስሌት አንድ ቃል ሳይተነፍስ ስለ ዓለም አንድ ነገር ያምናል፤ ሰርቨር በእጥፍ ሲጨምር የሚለካው ነገር በግማሽ ይቀንሳል ብሎ ያምናል። የሚለካው የሲፒዩ ጫና ሲሆን እምነቱ ከሞላ ጎደል ትክክል ነው፤ ሥራው በብዙ ትከሻ ላይ ሲከፋፈል የእያንዳንዱ ሸክም ይቀላልና። እኛ ግን የለካነው የምላሽ ጊዜን ነው። የምላሽ ጊዜ በሰርቨሩ፣ በኔትወርኩና በዳታቤዙ ውስጥ የሚያልፍ ጉዞ ድምር ስለ ሆነ፣ ሰርቨር መጨመር የሚያሳጥረው የጉዞውን አንዱን ክፍል ብቻ ነው። የምላሽ ጊዜን የመረጥነው ለተጠቃሚው የሚሰማው እርሱ ስለ ሆነ ነበር፤ ዓላማውም ቅን ነበር። ግብ የሚሆን ቁጥርና መሪ የሚሆን ቁጥር የተለያዩ መሆናቸውን ያኔ አልለየንም።

ሮጀር ኮናንትና ሮስ አሽቢ እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተሙት ጽሑፍ አንድን ሥርዓት በደንብ የሚቆጣጠር ነገር ሁሉ የዚያ ሥርዓት አምሳያ መሆን አለበት ብለው ተከራክረዋል። ቀድሞ ሳነበው ፍልስፍና መስሎኝ አልፌው ነበር። አሁን የማየው እንደ ማስጠንቀቂያ ነው፤ ተቆጣጣሪ ጻፍህ ማለት አምሳያ ጻፍህ ማለት ነው፣ አምሳያውን በግልጽ ባትጽፈውም። በግልጽ ያልተጻፈ አምሳያ ደግሞ ማንም አይገመግመውም፣ ማንም አይፈትነውም፣ ሲሳሳትም ማንም አይጠረጥረውም። የእኛ አምሳያ በዓለሙ ውስጥ ሰርቨሮችን ብቻ ያውቅ ነበር። ዳታቤዝ የሚባል ነገር መኖሩን አያውቅም ነበር።

እዚህ ላይ ስለ መዘግየትም መናገር አለብኝ። ጄምስ ዋት እ.ኤ.አ. በ1788 በእንፋሎት ሞተር ላይ የገጠመው መቆጣጠሪያ ሁለት የሚሽከረከሩ ኳሶች ነበሩት፤ ሞተሩ ሲፈጥን ኳሶቹ ወደ ውጭ ይገለጣሉ፣ መገለጣቸውም የእንፋሎቱን በር ያጠብባል። ሐሳቡ ውብ ነው፤ ነገር ግን በኋላ የተሠሩ ብዙ መቆጣጠሪያዎች ሞተሩን ማረጋጋት ሲገባቸው ከፍ ዝቅ ያደርጉት ጀመር። ጄምስ ክላርክ ማክስዌል እ.ኤ.አ. በ1868 ይህን በሒሳብ መርምሮ መቆጣጠሪያው መቼ እንደሚያረጋጋና መቼ እንደሚያናውጥ አሳየ። በእርምጃና በውጤት መካከል ጊዜ ካለ፣ ውጤቱን ሳያይ ሌላ እርምጃ የሚወስድ ተቆጣጣሪ የገዛ እጁን ጥላ ያሳድዳል። የእኛ አዲስ ሰርቨር ተነሥቶ ሥራ እስኪጀምር 90 ሰከንድ ይፈጅበታል፤ መከታተያው የሚለካው በየ15 ሰከንዱ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው እርምጃ ውጤት ገና ሳይታይ ተጨማሪ እርምጃ ለመውሰድ ስድስት ዕድል ነበረው። በዚያ ሌሊት ስድስቱንም ተጠቅሞባቸዋል። ኩበርኔቲስ ለመቀነስ ሲሆን በነባሪነት 300 ሰከንድ ታግሦ የሚያየው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ለመጨመር ግን እንዲህ ያለ ነባሪ ትዕግሥት የለውም፤ ጭነት ሲመጣ መዘግየት ተጠቃሚን ይጎዳል ተብሎ ይታሰባልና። እኛም እንደዚያው አስበን ነበር።

ሰከን ማለት

ወደ ተረቱ ልመለስ። በሩጫ ላይ መታጠቅ ስላለበት ሶፍትዌር ሳስብ ከሁሉ ይበልጥ የረዳኝ ጄፍ ክሬመርና ጄፍ ማጊ እ.ኤ.አ. በ1990 ያቀረቡት ሐሳብ ነው። አንድን አካል በሥራ ላይ ካለ ሥርዓት ውስጥ ለማውጣት ወይም ለመተካት መጀመሪያ ሰከን ማለት አለበት አሉ፤ ይኸውም የጀመረው ሥራ የለም፣ ሌላው በእርሱ ላይ ተንጠልጥሎ የጀመረውም ሥራ የለም፣ አዲስም አይጀመርም የሚባልበት ነጥብ ነው። ሌላው ሥርዓት ሩጫውን ይቀጥላል፤ የሚቀየረው ክፍል ብቻ ለአፍታ ይሰክናል። ሯጩ ሳይቆም አንድ እግሩ መሬት ረግጦ ሌላው በአየር ላይ ባለበት ቅጽበት የሚደረግ መታጠቅ ነው።

ኤርላንግ የተባለው የፕሮግራም ቋንቋ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የስልክ መሣሪያ በሚሠራው በኤሪክሰን ኩባንያ ሲወለድ ይህን ጉዳይ በሌላ መንገድ ይዞታል። የስልክ ማዞሪያ ለጥገና ተብሎ ስለማይቆም ኮዱ ጥሪ በመካሄድ ላይ እያለ መቀየር ነበረበት። ስለዚህ የአንድ ሞጁል፣ ማለትም የአንድ የኮድ ክፍል፣ ሁለት ቅጂዎች፣ አሮጌውና አዲሱ፣ ጎን ለጎን እንዲኖሩ ይፈቅዳል፤ በአሮጌው ላይ ያለ ሥራ በራሱ ጊዜ፣ ኮዱን ከነሞጁሉ ስም ሲጠራ፣ ወደ አዲሱ ይሻገራል። ሦስተኛ ቅጂ እንዲመጣ ከተፈለገ ግን በመጀመሪያው ላይ የቀረ ሥራ ይገደላል። በሩጫ ላይ መለወጥ ይቻላል፤ ስንት ለውጥ በአንድ ጊዜ መሸከም እንደሚቻል ግን ቁርጥ ያለ ወሰን አለው። ይህ ወሰን ለእኔ የንድፉ ውበት ነው።

የእኛ ሥርዓት ሰርቨር ሲያጠፋ ሰከን ማለትን አያውቅም ነበር። ምርመራ የወደቀ ሰርቨር በአፉ ያለውን ሳይውጥ ይጠፋል። በወትሮው ይህ አይታወቅም፤ የታመመው አንድ ብቻ ስለሚሆን ጥቂት ጥያቄዎች ይቋረጣሉ፣ ተጠቃሚው ደግሞ ይሞክራል፣ ያልፋል። ሁሉም በአንድ ጊዜ ታመሙ በተባለበት ሌሊት ግን እያንዳንዱ ሞት በዳታቤዙ ውስጥ ሙት ጥያቄ ትቶ አለፈ። ከዚህ የምይዘው፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ታመሙ ሲባል መጀመሪያ መጠርጠር ያለበት መርማሪው ነው የሚል ነው። 19 ሰርቨሮች በተመሳሳይ ደቂቃ ውስጥ እያንዳንዳቸው በራሳቸው ምክንያት ሊታመሙ አይችሉም፤ የጋራ የሆነ ነገር ታሟል፤ የጋራ የሆነውን ነገር ደግሞ ሰርቨር በመግደል አናድነውም።

እንደገና የሠራነው

ከአደጋው በኋላ ከባልደረቦቼ መካከል ራስ አስተካካዩ ለዘለቄታው እንዲጠፋ የፈለጉ ነበሩ። ስሜታቸውን እረዳለሁ፤ እባብ ያየ በልጥ በረየ። ነገር ግን ለአንድ ዓመት ያህል ሰው ሳይነካው በትክክል የወሰናቸው ውሳኔዎች ነበሩ፤ እነዚያን በሰው እጅ እንወስናቸው ብንል በየሌሊቱ የሚነቃ ሰው ያስፈልገናል፣ ከእንቅልፉ የተቀሰቀሰ ሰው ደግሞ ምን እንደሚወስን ከራሴ አውቄዋለሁ። ወሰኑን ወደ 40 ላሳድግ የነበርሁት እኔ ነኝ። ከሥርዓቱ ጋር አንድ ዓይነት አምሳያ በጭንቅላቴ ውስጥ ነበረኝ።

የጨመርነው አንድ ነገር ነው፤ የቀረው ሁሉ ከእርሱ ተከተለ። ሥርዓቱ ማንኛውንም እርምጃ ከመውሰዱ በፊት ከእርምጃው ምን እንደሚጠብቅ እንዲጽፍ አስገደድነው። «2 ሰርቨር እጨምራለሁ» ብሎ ብቻ ማለፍ አይችልም፤ «2 ሰርቨር እጨምራለሁ፤ ከ3 ደቂቃ በኋላ የሰርቨሮቹ አማካይ ጫና ከ70 ወደ 56 በመቶ ገደማ መውረድ አለበት» ማለት አለበት። ሦስቱ ደቂቃ ሲያልቅ የጠበቀውን ከሆነው ጋር ያስተያያል። ከተቀራረበ ይቀጥላል። ካልተቀራረበ ያንኑ እርምጃ አይደግምም፤ አንድ ጊዜ በግማሽ መጠን ይሞክራል፣ ያም ካልሠራ ይቆማል፣ ሰው ይጠራል።

ይህን መጻፍ ከጠበቅሁት በላይ ከባድ ሆነ፤ የከበደውም ኮዱ ሳይሆን «ምን እንጠብቃለን» የሚለው ጥያቄ ነበር። ለእያንዳንዱ እርምጃ የሚጠበቀውን ለመጻፍ ስንቀመጥ አምሳያችን ምን ያህል ባዶ እንደ ነበር ታየን። ሰርቨር ሲጨመር የዳታቤዙ ግንኙነት በ25 እንደሚጨምር መጻፍ ነበረብን፤ ያን ስንጽፍ ከ300 ማለፍ የማይፈቀድ መሆኑም አብሮ ተጻፈ፤ ከዚያ በኋላ 13ኛውን ሰርቨር መጨመር የሚለው ውሳኔ ገና ከመታቀዱ ውድቅ የሚሆን ሆነ። የሲፒዩ ጫናው 6 በመቶ በሆነበት ሰዓት ሰርቨር መጨመር ምን ይጠቅማል ለሚለው መልስ መስጠት አልቻልንም፤ ስለዚህ ያ እርምጃ በዚያ ሁኔታ ከምርጫው ወጣ። የባልደረባዬ የዚያ ሌሊት ጥያቄ በኮድ ውስጥ ገባ ማለት ነው። የምላሽ ጊዜው ግብ ሆኖ ቀረ፤ መሪነቱ ግን ለጫናው ተሰጠ። ሰርቨር ሲጠፋ መጀመሪያ አዲስ ሥራ መቀበል ያቆማል፣ የጀመረውን ይጨርሳል ወይም ዳታቤዙን «ተወው» ብሎ ይሰርዛል፣ ከዚያ ይሰናበታል። ከሲሶ በላይ የሚሆኑት ሰርቨሮች በአንድ ጊዜ ታመሙ ከተባለም ማጥፋቱ ራሱ ይቆማል።

ለመቆም የሰጠነው ቦታ ብዙ ክርክር አስነሥቶ ነበር። ራሱን ያስተካክላል የተባለ ሥርዓት ቆሞ ሰው የሚጠራ ከሆነ ምኑን ራሱን አስተካከለ የሚል ተቃውሞ ቀረበ። እኔ የማምነው በተቃራኒው ነው። አላውቅም ማለት የሚችል ሥርዓት ብቻ ነው ያለ ጠባቂ ሊተው የሚገባው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም፤ ያ የቀድሞው ሥርዓታችን ደግሞ በሽታውን በትጋት ደብቆት ነበር። በመጀመሪያው መልእክቱ ላይ «ሰርቨር እየጨመርሁ ነው» ሲለኝ ስልኩን መልሼ ያስቀመጥሁት፣ እየሠራ ያለ ነገር እየረዳ ነው ብዬ ስላመንሁ ነበር።

እንደገና ከተሠራ ከሰባት ወር በኋላ፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። መልእክቱ ከቀድሞው ይረዝም ነበር። «2 ሰርቨር ጨምሬ ነበር፤ ጫናው ወደ 55 በመቶ እንዲወርድ ጠብቄ 69 ላይ ቀርቷል። 1 ጨምሬ ደግሜ ሞከርሁ፤ አልተለወጠም። የምጠብቀውና የሚሆነው ስላልተገናኙ ቆሜያለሁ። የሰርቨሩ ቁጥር 11 ላይ ነው፤ የዳታቤዝ ግንኙነት 275።» አገልግሎቱ ዘግይቷል እንጂ አልወደቀም ነበር። ተነሥቼ ኮምፒውተሬን ከፈትሁ፤ ባልደረባዬም ከወዲያ በኩል መስመር ላይ ገባች፤ የሰርቨሮቹን ሠንጠረዥ ሳንነካ በቀጥታ ሥራው በሰርቨሮቹ መካከል እንዴት እየተከፋፈለ እንደ ሆነ ማየት ጀመርን።